ወይዘሮ ቨርና የሚጨምሩት ጨርቅ

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሌንደን በጠዋቱ ስብሰባ መጨረሻ እንደ ልማዳቸው "ጥያቄ ያለው?" አሉ፤ እኔም እጄን አወጣሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ መደብራችን ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያ ጥያቄ መልስ እንደማይፈልግ ያውቃል። ዕቃ ማራገፊያው ላይ ስድስት ዓመት የሠራው ዱዌይን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም። እኔ ግን ኮሌጅ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ተምሬ ነው የተመለስኩት። እጅ ማውጣት እዚያ የተጣባኝ አመል ነው።

ወደዚያ ከመመለሴ በፊት ላመስግን። መደብሩ ለዚህ ሽኝት የማረፊያ ክፍሉን ሲከለክለን ይህን የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለከፈቱልን፣ ባቄላ ቀቅላችሁ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግራችሁ ለመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በቀጥታ ከፈረቃ የመጣችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። ጫማችሁን አውልቁ፤ እዚህ ተቆጣጣሪ የለም።

እንግዲህ አንድ ነገር ለወራት ይከነክነኝ ነበር። ሰዎች ከሦስት ወረዳ ነድተው የሚመጡት ወደ የትኛው ክፍላችን ነው? ወደ ቴሌቪዥኑ? አይደለም። ወደ ጨርቅ ክፍሉ ነው። ለምን? ዋጋችን ከሌላው ቅርንጫፍ አይለይም፣ ጣቃውም ያው ጣቃ ነው። ስለዚህ በምሳ ሰዓቴ ቆሜ አየሁ። ወይዘሮ ቨርና ሁለት ያርድ ሲጠየቁ ሁለት ያርድ ይለካሉ፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ጫፉ ላይ አጋድመው ከጣቱ ወዲያ ይቆርጣሉ።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አልኳቸው።

"ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ልጄ። ቀሚሱ ያጠረባትን ሕፃን እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማያት እኔ ነኝ፤ አቶ ሌንደን አይደሉም።"

ወይዘሮ ቨርና በዋናው መንገድ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የራሳቸው የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። መደብራችን በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት ዘጉት። መቀሳቸውን ይዘው እኛው ዘንድ ተቀጠሩ፤ ያቺ ጭማሪም አብራቸው መጣች።

ያን ማክሰኞ የተናገርኩት ይህንን ነው። በምስጋና መልክ ነበር የተናገርኩት። "ደንበኛ የሚያመጣልን ይሄ ነው፤ ሌሎቻችንስ ለምን አንማርም?" አልኩ። አቶ ሌንደን ፈገግ ብለው ማስታወሻ ያዙ። የምናገረው ሲጻፍልኝ ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴን አያችሁ?

ዱዌይን ከጀርባዬ "ፕሮፌሰሯ፣ ሴትዮዋን አሁን ቀበርሻቸው" አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የወይዘሮ ቨርና ሥራ በሳምንት ከሃያ ስምንት ሰዓት ወደ ዘጠኝ ወረደ። ሃያ ስምንቱስ ቢሆን ለምን ሃያ ስምንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሠላሳ ከሞላ የጤና መድን ይመጣላ። በሳምንቱ ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ነበር፦ ሠራተኛዋ የድርጅቱን ንብረት ሆን ብላ ለሰው ስትሰጥ አይቻለሁ ይላል። ከታች ለፊርማዬ ባዶ ቦታ ተትቷል።

"አንቺው የነገርሽንን ነው የጻፍነው" አሉኝ አቶ ሌንደን። "ፈርሚ፤ ክፍሉን በኃላፊነት ትይዢያለሽ።"

"እኔ ያልኩት ጥሩ ይሠራሉ ነው።"

"ቆጠራ ላይ ጉድለት ነው የሚባለው።"

"በዚያ ጉድለት ምክንያት የሚመጡት ደንበኞችስ የት ላይ ይቆጠራሉ?"

"ማርሲ፣ እሱ ያንቺ ሥራ አይደለም። ካልፈረምሽ ግን እስከሚቀጥለው ዓርብ ብቻ ነው የምትሠሪው።"

አልፈረምኩም። የምትሸኙኝም ለዚህ ነው።

የመጨረሻ ሳምንቴን ምን ሠራሁበት? ያው አመሌን። ደሞዛችሁን የት እንደምታወጡ ጠየቅኳችሁ። ከሃያ ሦስታችሁ አሥራ ዘጠኛችሁ "እዚሁ" አላችሁኝ። ዱዌይን ደግሞ "ደሞዝ ከሚሰጠኝ ቢሮ እስከ ካሸሯ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ገንዘቤን ንፋስ እንኳ አይነካውም" አለኝ። ወይዘሮ ቨርናን ስጠይቃቸው ስለ ድሮው ነገሩኝ። ጫማ ከጎረቤታቸው ከሆሊስ ይገዙ ነበር፣ የሆሊስ ሚስት ጨርቅ ከእሳቸው፤ ሁለቱ ሱቆች ተባብረው የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ቡድን ያለብሱ ነበር። ዛሬ የሆሊስ መስኮት በካርቶን ተሸፍኗል። የሙዚቃ ቡድኑም ፈርሷል።

ጥፋቱን ሁሉ በመደብሩ ላይ መለጠፍ አልፈልግም። እናቴ ደብተሮቼን በርካሽ የገዛችልኝ ከዚያው ነው፤ ርካሽነቱ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ማን ነው የረከሰው? ደብተሩ ነው ወይስ ደብተሩን የምትደረድረዋ ሴት? መልሱን ገና አላወቅኩትም። የምሄደውም እየጠየቅኩ ነው።

ወይዘሮ ቨርና፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ያየሁትን ከመናገሬ በፊት ማን እየሰማኝ እንደሆነ አላሰብኩም። ይኸው አሁንም እጃቸውን እያወዛወዙ "ዳቦው ቀዘቀዘ፣ ጨርሺ" እያሉኝ ነው።

እጨርሳለሁ። የዚያ ወረቀት ጉዳይ ግን አላለቀም። ሰኞ ከእናንተ የአንዳችሁ ስም ይጻፍበትና ፊታችሁ ይቀርባል። ያየ ምስክር ካልፈረመበት ወይዘሮ ቨርናን በስርቆት ስም ሊያባርሯቸው አይችሉም። የቤት ኪራይ እንዲፈርም የሚያስገድደው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ መጀመሪያ ግን ቀና ብሎ ያያቸው።

ሰዓታችሁ ይሙላ። እግራችሁ ይረፍ። ልጆቻችሁ ሲታመሙ ወደ ሐኪም ለመሄድ አታመንቱ። ዱዌይን፣ እጅህን የምታወጣበትን ቀን ያምጣልህ፤ መልስ የሚሰጥህንም ሰው ጨምሮ። ይህች ከተማ ልጆቿን ዳግም በሙዚቃ ታሰልፍ።

እኔ የት እንደምቀጠር አላውቅም። የማልቀበለውን ግን አውቄ እወጣለሁ። በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ሰጥቶ ሙሉ ታማኝነት የሚጠይቅ አሠሪ አልቀበልም። የሰውን መልካም ሥራ ስናገር ክስ አድርጎ የሚጽፈውን አለቃ፣ የሚከፍለኝ እሱ ቢሆንም እንኳ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።