ከሐሙስ በኋላ የመጣው ዝናብ

የጎረቤቴ የአዴ ጫልቱ ልጅ መርከበኛ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የህንድ ውቅያኖስን አየር በስልኬ አይቼ እነግራቸዋለሁ። እዚህ በአገራችን በጉቴ በቆሎው በጠወለገበት ሰሞን ታዲያ፣ «ውቅያኖሱ ላይ ደመናው ከብዷል፣ ነፋሱ ወደኛ እየገፋው ነው» አልኳቸው ደስ ብሎኝ። እሳቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ እኮ እዚያው መንገድ ላይ ነው። ጅቡቲ የሚገባው ሐሙስ ነው።»

እሁድ ቸርች ውስጥ ፓስተራችን «ለዝናብ እንጸልይ» ሲሉ አዴ ጫልቱ እጃቸውን አወጡ። «ከሐሙስ በኋላ ቢሆንልኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ በቆሎ ያልዘራ ማን አለ? የፓስተሩም ማሳ እየደረቀ ነው። ፓስተሩ ግን ትንሽ አሰቡና፣ «ጌታ ሆይ፣ መርከቡ ገብቶ ሲያርፍ ዝናቡን ላክልን» ብለው ጸለዩ። የኔ አሜን ትንሽ ዘገየ እንጂ ወጣ።

ሐሙስ ልጁ ከወደቡ ደወለ። አርብ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። በመስኮት ሳይ አዴ ጫልቱ ዣንጥላቸውን አጥፈው ብብታቸው ስር ይዘው፣ እየበሰበሱ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። «አዴ፣ ዣንጥላውን ይዘርጉት እንጂ» ብዬ ተጣራሁ።

«ለኔ ብሎ ይሄን ሁሉ ቀን የቆየ ዝናብ» አሉኝ እየሳቁ፣ «እንዴት ብዬ ልሽሸው?»