ለብቻው ምሳ የሚበላው ሸማኔ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። የደብረ ብርሃን ብርድ ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው አይመችም። የምነግራችሁ አንድ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ሲል ሚኒባስ ውስጥ ስለሰማሁት ክርክር ነው።

ባለፈው የካቲት ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ስሳፈር ከፊቴ አቶ ወርቅአገኘሁ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባና የሚያሠሩ ሰው ናቸው፤ ያንን የበግ ጠጉር ወፍራም ብርድ ልብስ። ዐሥራ አንድ ሠራተኛ አላቸው። መንገድ ላይ የጎረቤታቸው ልጅ ብርነሽ ገባችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ብርነሽ የአእምሮ ሕክምና ተምራ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት።

«ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣ በዚህ በኩል ምን አመጣዎት?»

«ሰው ፍለጋ ልጄ። ጫጫ ድር የሚያደራ ሸማኔ አለ ቢሉኝ መጥቼ ነበር። ሰኞ እጀምራለሁ ብሎኛል።»

«ድር የሚያደራው ቴዎፍሎስ አልነበረም እንዴ?»

አቶ ወርቅአገኘሁ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እሱን ዛሬ ላሰናብተው ነው።»

ቴዎፍሎስን እኔም አውቀዋለሁ። ከወለጋ ተፈናቅሎ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር መጠለያ የሚኖር ሰው ነው። ክሩን እኩል ወጥሮ የሚዘረጋው እሱ ነው፤ እሱ ድሩን ካላስተካከለ ሌሎቹ መሸመን አይችሉም።

«ምን አጠፋ?» አለች ብርነሽ።

«ምን ያላጠፋው አለ! ከገና ወዲህ አርፍዶ ይመጣል፤ ግድግዳ ተደግፎ፣ ራሱን ይዞ ይውላል። ድር አሳስቶ ስድስት ባና አበላሸብኝ። ሳናግረው እንባው ይቀድመዋል። እኔ ሸማኔ ቀጠርኩ እንጂ አልቃሽ አልቀጠርኩም!»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ብርነሽ አልሳቀችም።

«ይሄ እኮ ሕመም ነው ጋሼ።»

«መታመሙን መች አጣሁት። ጠበል ወስጄዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት ተጠምቆ መጣ። ጨካኝ አታድርጊኝ እንጂ።»

«ኧረ በጭራሽ! ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ሕክምናውንም ይከታተል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እንዲያው ልጠይቅዎት፣ አምና ሠራተኛዎ ገብረአብ እግሩ ሲሰበር ምን አደረጉ?»

«ቤቱ ሄድን እንጂ፣ ሁላችንም፣ ብርቱካን ይዘን! ሦስት ወር ሙሉ ቦታውን ጠብቀንለታል።»

«ቴዎፍሎስንስ ማን ሄዶ ጠየቀው?»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ‹አእምሮህ እንዴት አደረ› ይባላል?»

«‹እንቅልፍ ወሰደህ ወይ› ይባላል። ለመሆኑ ምሳ ከማን ጋር ይበላል?»

«ለብቻው።»

«ድሮም?»

«ድሮማ ሁሉም አንድ ትሪ ላይ ነበሩ። ‹አትንኩት፣ አታናግሩት፣ ለብቻው በልቶ ይረፍ› ያልኳቸው እኔ ነኝ። አዝኜለት ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም ልጆቼ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። እኛስ አዘንኩለት እያልን ስንቱን ሰው ብቻውን አስቀርተናል?

ብርነሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱ ግን ያዘኑለት ይመስለዋል ብለው ነው? ይሄ ሕመም የያዘውን ሰው ቀን ከሌት ‹አትረባም፣ ማንም አይፈልግህም› እያለ የሚነዘንዝ ነው። ትሪው ሲለይበት፣ ሕመሙ የሚለው ሁሉ እውነት መሰለው።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቆይተው ግን ወደ ክርክራቸው ተመለሱ።

«ጥሩ ተናገርሽ። ግን እኔ ሆስፒታል አይደለሁም። ድሩ ሲበላሽ ዐሥር ሰው እጁን አጣምሮ ይውላል። ለአንድ ሰው ብዬ የዐሥር ቤት ልጆች ላስርብ?»

ይህም እውነት ነው፤ ብርነሽም አላቃለለችውም።

«ዐሥሩም እንዳይራቡ ነው የምከራከርዎት። የጫጫው ሰው እንደ ቴዎፍሎስ እስኪያደራ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

«ዓመት። ያውም እጁ ከፈታ።»

«እስከዚያ ስንት ባና ይበላሻል? ደግሞ ዐሥሩ ሠራተኞች ዛሬ ምን ይማራሉ? ያመመው ሰው እንደሚባረር! ከዚያ ወዲያ የታመመ ሁሉ ደብቆዎት ይሠራል። መደበቁን የሚያውቁት የጠጉር መበጠሪያው ማሽን ጣቱን የወሰደው ዕለት ነው።»

«ታዲያ ተቀምጦ ደሞዝ ይብላ?»

«እንደሱ አላልኩም። ለሕክምና የሚመጣበትን ቀን ይፍቀዱለት። መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት ካደነዘዘው አርፍዶ ይግባ፣ አምሽቶ ይውጣ። የጫጫውም ሰው ይምጣ፤ ድሩን አብረው ይዘርጉ፣ አንዱ የአንዱን ስሕተት ይይ።»

«ይድናል?»

«ብዙ ሰው ይሻለዋል። ቀኑን ቆርጬ ግን አልነግርዎትም።»

መናኸሪያ ስንደርስ ሰውየው ወርደው ወደ ሥራቸው አልሄዱም። «መጠለያውን ታውቂዋለሽ?» አሏት።

«አውቀዋለሁ።»

«በይ ምሪኝ። ብርቱካን ይገዛል አይደል ለዚህም? የምናገረው ከጠፋኝ ግን ሹክ በይኝ፤ እንዳታሳፍሪኝ።»

ከፋሲካ በኋላ ባና ልገዛ ሄድኩ። ቴዎፍሎስና የጫጫው ሰው ድር ላይ ጎንበስ ብለዋል። «አጥብቀው እንጂ!» ይለዋል ቴዎፍሎስ፣ «ክር ነው የምትወጥረው ወይስ በሬ ነው የምታግባባው?» የጫጫው ሰው ይስቃል።

«ቴዎፍሎስ ሁልጊዜ እንዲህ እንዳይመስልህ» አሉኝ አቶ ወርቅአገኘሁ። «ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሣም። ድሮ ቢሆን ሥራው ሁሉ ይቆም ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ሲደክም ሌላው ይይዛል። ከየካቲት ወዲህ አንድም ባና አልተበላሸብኝም።»

ይህን እያወራን ባፈና የምትባል ፈታይ መጣችና አጠገባችን ቆመች። ከወለደች ገና አራት ወሯ ነው። ነጠላዋን በጣቷ እየጠመዘዘች፣ እኔ መኖሬም ሳያግዳት፣ «ጋሼ» አለቻቸው፣ «እኔም ደህና አይደለሁም። ከወለድኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄን ማቀፍ ያስፈራኛል።»

ቴዎፍሎስ ተባርሮ ቢሆን ኖሮ ይህች ሴት ይህን ቃል ከአፏ ታወጣው ነበር? አንድ ቀን ዝም ብላ ትቀር ነበር፤ «ምን ሆነች?» ብሎ የሚፈልጋትም አይገኝም።

አቶ ወርቅአገኘሁ የሚያጥፉትን ባና እኔ ላይ ጣሉትና ወንበር ሳቡላት። «ተቀመጪ» አሏት። «አልቸኩልም። ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ ከዚያ ብርነሽ ጋ አብረን እንሄዳለን።»

ልጆቼ፣ ነገ አሠሪ ትሆናላችሁ፣ ባልደረባም ትሆናላችሁ። የነገርኳችሁን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ አልቀየማችሁም። ይህችን የተሳበች ወንበር ግን፣ አደራ፣ አስታውሱልኝ።