ሁለተኛው ጉርሻ

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በምሄድበት ሚኒባስ፣ ሬዲዮው የቀድሞዋ ቀዳማዊት እመቤት ማረፋቸውን ሲናገር አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ያውቋቸው ነበር እንዴ እማማ?» አለች ከኋላ አንዲት ወጣት።

«እኛ ሰፈር መጥታ ነበር። የሥጋ ደዌ የነበረብን ሰዎች ሰፈር።»

«ምን አደረጉላችሁ?»

«ክሊኒኩን ያሠራችው እሷ ናት። ብርድ ልብስም ሰጥታናለች።»

«ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን። ብርድ ልብስማ ሌላም ሰው ይሰጣል። የዚያን ቀን ዶሮ ሠርተን ብናቀርብ፣ አብረዋት የመጡት ባለሥልጣናት ‹ጾም ይዘናል› አሉን።»

«ታዲያ ጾም ከሆነ…»

«በበዓለ ሃምሳ!»

ወጣቷ ሳቀች። «እሳቸውስ?»

«‹አጉርሱኝ› አለችኝ። በዚሁ እጄ አጎረስኳት። ቀና ብዬ ሳያት አፏን አልዘጋችም። ‹አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል?› ብላ ሁለተኛውን ጠበቀች። ያን ያየ የከተማው ሰው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሠርጋችን ላይ ይበላል።»

እማማ ይህን ብለው ከዘንቢላቸው ዳቦ አወጡና ጣት በሌለው እጃቸው ይዘው ቆረሱ፤ ወደ እኔም ዘረጉት።

እኔም «ጠግቤያለሁ» ልል የከፈትኩትን አፌን ሁለተኛውን እስኪያጎርሱኝ ድረስ አልዘጋሁትም።