መጨረሻው ያልተጻፈ ልቦለድ

ከሶዶ ወደ በዴሳ በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች የሶዶ አስተማሪ አጠገቧ ያለው ሰው የተማሪዋ አባት መሆኑን አወቀች።

«ጋሼ፣ የምሕረትን ልቦለድ አነበብኩት።»

«የምን ልቦለድ፣ ቲቸር?»

«ሦስት ደብተር ሙሉ ጽፋለች። እናቷ ስለሞተችባት ብቸኛ ልጅ ነው።»

«የኔ ምሕረት? እሷ እኮ ዝምተኛ ናት፣ ምንም አታስቸግርም።»

«በልቦለዱም አባትየው እንደዚሁ ነው የሚለው።»

«ኢየሱስ! ሌላስ ምን አለች?»

«ልጅቷ መኖር አስጠልቷታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እቤቷ ‹ምን ሆንሽ?› ያላት የለም።»

«መጨረሻዋስ ምን ሆነ?»

«አልጻፈችውም። ‹አባቴ ካነበበው በኋላ እጽፈዋለሁ› አለችኝ።»

«ወራጅ አለ! ሾፌር፣ እዚሁ አቁምልኝ!»

መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሶዶ የሚመለሰውን መኪና ሁሉ በሁለት እጁ ሲለምን በመስኮቱ አየሁት።