ከኀፍረት የተወለደች ጡሩምባ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ በሙያቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ፣ በወዳጆቻቸው አፍ ግን «ጋሽ ነፋሱ» የነበሩት ወንድማችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወልደው፣ ትምህርታቸውን በዚያው ባደጉበት ሰፈር ፈጸሙ። የጥርስ ሥራን በአንዲት ጠባብ ክፍል ሲማሩ፣ የጥርሱን ቅርጽ የሚያወጡበት ሰም እስኪረጋ በሚጠብቁባት ጊዜ ከስስ እንጨት ክንፍ መቅረጽ ጀመሩ፤ ሞተር የሌላትን፣ በነፋስ ብቻ ተንሳፍፋ ከምድር በሬዲዮ የምትታዘዘውን ትንሽ አውሮፕላንም ዕድሜያቸውን ሁሉ አልተዉአትም። ባለቤታቸው «ጣውንቴ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውም ከእርሷ ጋር አብረው አደጉ።

ይህ ጽሑፍ ሳይለዝብ እንዲነበብ አደራ ያሉት እርሳቸው ናቸውና፣ የሚያሳፍረውም ይነገራል። አንድ ቀን የሚወዷት አውሮፕላን፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ከሚያበርሩበት ሜዳ አጠገብ ካለው ኮረብታ ማዶ ተሰወረች። ፈልገው ቢያጡአት፣ ቀድመው ወደ ማዶ የሄዱትን የልጅነት ጓደኛቸውን፣ ሰዓት ጠጋኙን፣ በሜዳው ሰው ሁሉ ፊት ሌባ አሏቸው። ጓደኛቸው ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ ወሬው ግን ቀድሟቸው ሱቃቸው ደረሰ፤ ደንበኛውም እየሳሳ ሄደ። ቅጠል ሲረግፍ፣ አውሮፕላኗ ከአንድ ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰክታ ታየች።

ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ወደ ጓደኛቸው በር ደጋግመው ሄደው፣ ማንኳኳት እያቃታቸው ተመለሱ። በመጨረሻ በሩን የከፈቱት ጓደኛቸው ራሳቸው ሲሆኑ፣ «ግባ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ወደ ሜዳው ግን ተመለስ አትበለኝ» አሏቸው። ሟች በሜዳው ቆመው ጥፋታቸውን ተናገሩ፤ ሆኖም ክሱን የሰማው ሁሉ ማስተባበያውን ለመስማት አልተገኘም፤ ይህም እስከ መጨረሻው ሲያንገበግባቸው ኖረ።

ክንፍ ማስተካከያም ሆነ የነፋስ መለኪያ ቀድሞም ይሠሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መንጋጋ ጥርስ የምታህል፣ ከመቆጣጠሪያው የሚመጣው ትእዛዝ ሲቋረጥ እየጮኸች አውሮፕላኗ ያለችበትን የምታሳውቅ ጡሩምባ ሠርተው፣ በሜዳው ሰው ሁሉ አውሮፕላን ውስጥ በእጃቸው ገጠሙ። ሰው ብልሃታቸውን ሲያደንቅ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ሌላ ሰው ሌባ እንዳይባል ነው» ይሉ ነበር።

የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው፣ ሰዓት ጠጋኙ እየመጡ ጢማቸውን ይላጩላቸው ነበር። ሟች ከኀፍረት የተነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይላጩ ነበር እንጂ አንድም ቀን «አትምጣ» አላሏቸውም። በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ በቤተሰባቸው መካከል አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር የቆሙትን ጓደኛቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ በምሕረቱ ተቀብሎ፣ ነፍሳቸው ሳታፍር የምታርፍበትን ስፍራ ይስጥልን፤ እኛንም ያጽናን።