የጥግ ክፍሉ ለማን ይሁን?

ዓርብ፣ ሰኔ 19። እስከ ቀትር የተሸጠ፦ ደብተር አንድ ካርቶን፣ ባለመስመር ወረቀት ሁለት እሽግ፣ እስክሪብቶ ጥቂት። ገበያው ቀዝቅዟል። ከሰዓት በኋላ የማታው ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ መምህሯን በጡረታ ሸኘ። ግቢው ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስላለኝ እኔም እንደ ባልደረባ ተናገርኩ። እንዲህ አልኩ፦

«እትዬ ማስረጃ መጀመሪያ የመጡ ቀን ሱቄ ገብተው ‹ቀይ እስክሪብቶ አለህ?› አሉኝ። ‹ስንት ልስጥዎት?› ስላቸው ‹ያለህን ሁሉ!› አሉኝ። ፊት ለፊቴ ሱቅ ሊከፍቱብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በሳምንቱ ተማሪው በቀይ የተዥጎረጎረ ድርሰቱን ይዞ፣ እንደገና የሚጽፍበት ወረቀት ሊገዛ ተሰለፈ። ለካ ሲሳይ ነው የገባልኝ!

‹ማስረጃ› የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣንላቸው እኛ ብንሆንም ጥፋቱ የራሳቸው ነው። አንዷ ተማሪ በልብ ወለድ ውስጥ ስላለ ባለወፍጮ ሦስት ገጽ ጽፋ መጣች። ‹ታሪኩንማ ደራሲው ነግሮኛል፤ አንቺ ምን ትያለሽ?› አሏት። ‹ክፉ ነው፣ እትዬ።› ‹ማስረጃ?› ‹ፊቱ ያስታውቃል!› ‹ፊት አይመሰክርም፣ የኔ ልጅ። ያለውን ሊያጣ ሲል ምን አደረገ? እሱን ከመጽሐፉ ጥቀሺ፤ ከዚያ ምን እንደሚያሳይ አስረጂኝ።›

እኔንም አልማሩኝም። በሱቄ በር ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አንብበው ‹ስለ ደብተር ጀምረህ ስለ ዱቤ ጨረስክ። አንድ አንቀጽ፣ አንድ ሐሳብ! ሌባ እንኳ በር የሚከፍተው በተራ ነው› አሉኝ።

አሁን ሳቁ ይብቃን። እትዬ ይህን ሳምንት ሰላም አላሉኝም፤ ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሳቸው ሲወጡ የድርሰት ትምህርቱ ይታጠፋል፣ የሚያስተምሩባት የጥግ ክፍል የእኔ መጋዘን ትሆናለች ተብሏል። ቦታ እንደጠበበኝም የታወቀ ነው። ክቡር ዳይሬክተር፣ እባክዎ ሰዓትዎን አይዩ። በእትዬ ሥርዓት ልሂድ፤ ሐሳቤን በመጀመሪያው መስመር ላስቀምጥ። ክፍሉን አልወስድም።»

ዳይሬክተሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ተስማምተን አልነበር እንዴ?»

«እርስዎ ተስማሙ፤ እኔ ላስብበት ነው ያልኩት።»

እትዬ ቀና አሉ። «ማስረጃ?»

«ውሉ ኪሴ ውስጥ ነው። አልፈረምኩትም።»

«ማብራሪያስ? ለእኔ አዝነህ ከሆነ አልቀበልም።»

«እትዬ፣ እኔ ደግ አይደለሁም። የሚጽፍ ሰው ከጠፋ መጋዘን ሙሉ ወረቀት ለማን ልሸጥ ነው? ለአይጥ?»

ሰው ሳቀ፤ ዳይሬክተሩ ግን አልሳቀም። «አስተማሪ ከየት ይመጣል?» አለ።

«ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ልጅ አለች። ይጠይቋት።»

ልጅቷ ተነሣች። «እችላለሁ። እትዬ አንዱን ድርሰት ስድስት ጊዜ አስደግመውኛል።»

«ሰባት ነው» አሉ እትዬ።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ልጅቷ አየ። በመጨረሻ «አንድ መንፈቅ እንሞክረው» አለ።

እኔም ንግግሬን ዘጋሁ፦ «እትዬ፣ ዕቃ አቅራቢ ስመርጥ ዛሬም የምጠይቀው የእርስዎን ጥያቄ ነው፦ ያለውን ሊያጣ ሲል ምን አደረገ? አንድም ቀን አላከሰረኝም። ውለታዎ አለብን። በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ከእንግዲህ ልብ ወለድ ለደስታዎ ብቻ ያንብቡ!»

እትዬ ሲወጡ እጄን ጨበጡኝ። «መደምደሚያህ ትንሽ ረዘመ» አሉ።

ነገ፦ በጠዋት አናጺውን ይዤ መምጣት። የጥግ ክፍሉ አግዳሚ ወንበሮች እግራቸው ላልቷል።