ጋሽ ሰኢድ ከሄዱ

ከኢትዮጵያ የሄድን አናጢዎች ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ውስጥ በጦርነቱ የፈረሰ ቤት መልሰን ስንሠራ ነው። ከመካከላችን ሽማግሌው ጋሽ ሰኢድ ወገባቸውን ታመው ጣሪያ መውጣት አቃታቸው። ዳሚ ሰፈር በተከራየናት ክፍላችን ብቻቸውን ልንተዋቸው ስላልፈለግን ጠዋት ጠዋት ደግፈን እናመጣቸዋለን፤ ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ከፍርስራሹ የወጣውን ቆልማማ ምስማር ያቃናሉ።

አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት ሐጂ ድንገት መጡ። ጅጅጋ በስደት ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ። «ይሄ የሥራ ቦታ እንጂ ሆስፒታል አይደለም። ነገ እኚህን ሰውዬ እንዳላይ» አሉኝ። ጋሽ ሰኢድ መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ ግድግዳውን ይዘው ሊነሱ ሲታገሉ ሳይ ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ!» ብዬ ጮኽኩ። ወደ ሐጂ ዞሬም፣ «እሳቸው ከሄዱ ሁላችንም እንሄዳለን» አልኳቸው። ጓደኞቼን አላማከርኩም ነበር። ቀና ስል ሁሉም መሣሪያቸውን ይዘው ከጣሪያው እየወረዱ ነው።

ሐጂ ተራ በተራ አዩን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከጦርነቱ ስንሸሽ እናቴን በየተራ ተሸክመን ነው ድንበር ያሻገርናት። አንድም ሰው ጣሏት አላለንም» አሉ።

ወደ ጋሽ ሰኢድ ጠጋ ብለው፣ «ፀሐይ ላይ ምን ያስቀምጥዎታል? ወደ ጥላው ይምጡ» አሉና በአንድ በኩል ደገፏቸው። እኔም በሌላው በኩል ገባሁ።